ኤምአርኤም፣ ዲዲኤ ወይስ ዲአይኤ? በወተትና በፋጉሎ ውስጥ አፍላቶክሲንን ስለመለካት ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጤና ይስጥልኝ። ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከታተሉት ጥያቄዎን በአጭሩ ልድገመው። ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናትዎ ከሻሸመኔና ከዶሬ ባፋኖ በኩል ወደ ሐዋሳ ከሚገባው ወተት፣ እንዲሁም ላሞቹ ከሚመገቡት የኑግ ፋጉሎ ናሙና ሰብስበዋል። በፋጉሎው ውስጥ ሻጋታ የሚያመርታቸውን መርዞች፣ ማለትም አፍላቶክሲን ቢ1፣ ቢ2፣ ጂ1 እና ጂ2ን፣ በወተቱ ውስጥ ደግሞ ቢ1 በላሟ አካል ተለውጦ የሚሆነውን ኤም1ን መለካት ይፈልጋሉ። በአንድ ቤተ ሙከራ ትሪፕል ኳድሩፖል፣ በሌላው ደግሞ ለጥቂት ቀናት ኪው-ቶፍ እንዲጠቀሙ ተፈቅዶልዎታል፤ ሁለቱም ማስ ስፔክትሮሜትሮች፣ ማለትም ውህዶችን አዮን (ኤሌክትሪክ ሙል ያለው ቅንጣት) አድርገው በክብደት የሚለዩ ማሽኖች ናቸው። አማካሪዎ አስቀድመው የተመረጡ ውህዶችን ብቻ የሚከታተለው ኤምአርኤም ይበቃል ሲሉ፣ ባልደረባዎ ሁሉንም ሳይመርጥ የሚመዘግበውን ዲአይኤን ደግፎ «በዲአይኤ አንድ ጊዜ ከመዘገብሽው ሁሉም ነገር በእጅሽ ነው» ብሎዎታል። የትኛውን ልምረጥ፣ «አልተገኘም» ብዬ ለመጻፍ የምችለውስ መቼ ነው የሚለው ነው ጥያቄዎ።

አማካሪዎ ልክ ናቸው። ባልደረባዎም ፈጽሞ አልተሳሳተም፤ የመለሰው ግን እርስዎ ያልጠየቁትን ጥያቄ ነው። የሚፈልጓቸው አምስት ውህዶች ስማቸው፣ ክብደታቸውና ስታንዳርዳቸው አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ እንዲህ ያለውን ነገር በእጅግ አነስተኛ መጠን ለመለካት ደግሞ ከኤምአርኤም የተሻለ ስልት የለም። ስለዚህ ቁጥሮችዎን በሙሉ ከትሪፕል ኳዱ ያውጡ፤ ኪው-ቶፉን በዝርዝርዎ ያላካተቱት ነገር በፋጉሎው ውስጥ መኖር አለመኖሩን ለማየት ብቻ ይጠቀሙበት። ከዚህ በታች ያለው ምክንያቱ ነው።

ሪቻርድ ዮስትና ክሪስቲ ኤንኬ እ.ኤ.አ. በ1978 በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ካስተዋወቁት ወዲህ የትሪፕል ኳድሩፖል መሠረታዊ አሠራር አልተለወጠም። የመጀመሪያው ኳድሩፖል የተወሰነ ክብደት ያለውን አዮን ብቻ ያሳልፋል፤ በአርጎን ወይም በናይትሮጅን የተሞላው መካከለኛው ክፍል ይህን ወላጅ አዮን ከጋዝ ጋር በማጋጨት ይሰብረዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ ከስባሪዎቹ አንዱን መርጦ ወደ ዲቴክተሩ ይልካል። የስልቶቹ ልዩነት የሚመነጨው ሁለቱ ዳር ያሉት ኳድሩፖሎች በአንድ ክብደት ላይ ቆመው ይጠብቃሉ ወይስ ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ ክብደት እየተንቀሳቀሱ ይቃኛሉ ከሚለው ነው። ፊተኛው ቆሞ የኋለኛው ከቃኘ የስባሪ አዮን ቅኝት ይባላል፤ በተቃራኒው ከሆነ የወላጅ አዮን ቅኝት፤ ሁለቱም የተወሰነ የክብደት ርቀት ጠብቀው አብረው ከቃኙ የጠፊ ክፍል ቅኝት፤ ሁለቱም ከቆሙ ደግሞ ኤምአርኤም ነው።

መቆም የሚጠቅመው ከጊዜ አንጻር ነው። አንድ ኳድሩፖል ከ100 እስከ 1000 ያለውን በአንድ ሰከንድ ቢቃኝ በእያንዳንዱ ክብደት ላይ የሚቆየው ለአንድ ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ነው፤ በቀሪው ጊዜ የእርስዎ አዮን ወደ ማሽኑ ቢገባም ሳይቆጠር ይጠፋል። አሁን የእርስዎን ሥራ እንይ። አምስት ውህዶች፣ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ትራንዚሽን (የወላጅ አዮንና የተመረጠ ስባሪው ጥንድ)፣ በተጨማሪም አንድ አንድ ትራንዚሽን ያላቸው ሁለት ኢንተርናል ስታንዳርድ (መጠናቸው ታውቆ ወደ ናሙናው የሚጨመሩ ማነጻጸሪያዎች)፣ በድምሩ 12 ትራንዚሽን ይሆናል። ለእያንዳንዱ 50 ሚሊሰከንድ ድዌል ታይም (ቆሞ የሚቆጥርበት ጊዜ) እና 5 ሚሊሰከንድ መሸጋገሪያ ቢሰጡ አንዱ ዙር በ0.66 ሰከንድ ይጠናቀቃል። ፒክዎ፣ ማለትም ውህዱ ከመለያያ ኮለሙ ሲወጣ የሚታየው ጉብታ፣ በመሠረቱ ላይ 10 ሰከንድ ቢሰፋ 15 ያህል ነጥቦች ይኖሩታል ማለት ነው፤ ይህም የፒኩን የቆዳ ስፋት በአስተማማኝ ሁኔታ ለማስላት በቂ ነው። በ300 ፀረ-ተባይ መድኃኒቶች ላይ የሚሠራ ሰው ግን 600 ትራንዚሽኖችን በዚሁ መንገድ ቢደረድር፣ ድዌሉን ወደ 5 ሚሊሰከንድ ዝቅ ቢያደርግ እንኳ አንዱ ዙር 6 ሰከንድ ስለሚወስድ ፒኩን ሁለት ጊዜ እንኳ በአግባቡ አያየውም፤ ስለዚህም እያንዳንዱን ትራንዚሽን በሚወጣበት ደቂቃ አካባቢ ብቻ እንዲሠራ በጊዜ ሰሌዳ ማስገባት ግዴታው ነው። እርስዎ ይህ ችግር የለብዎትም፤ ያለዎትን ትርፍ ጊዜ በድዌል ላይ ያውሉት።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልምጣ። አፍላቶክሲን ኤም1 እና አፍላቶክሲን ጂ1 አንድ ዓይነት ፎርሙላ አላቸው፤ ሁለቱም 17 ካርቦን፣ 12 ሃይድሮጅንና 7 ኦክስጅን ናቸው። ፕሮቶን ሲጨመርባቸው ሁለቱም 329.0656 ይመዝናሉ። ይህ ማለት ኪው-ቶፍም ሆነ ኦርቢትራፕ የተባለው ሌላ ማስ ስፔክትሮሜትር፣ የቱንም ያህል ጥራት ያለው ማሽን ቢሆን፣ ወላጅ አዮኖቹን በክብደት ብቻ ሊለያቸው አይችልም። «ከፍተኛ ሬዞሉሽን አለኝ፣ ሌላው አያሳስበኝም» የሚለው አነጋገር እዚህ ላይ ይወድቃል። የሚለያቸው አሰባበራቸውና ከኮለሙ የሚወጡበት ጊዜ ነው። ኤም1 ሁለት ካርቦን ሞኖክሳይድ ጥሎ 273 ላይ ይቆማል፣ 259 እና 229 ላይም ስባሪ ይሰጣል፤ የጂ1 ዋነኛ ስባሪ ግን 243 ሲሆን፣ ውሃ ጥሎ 311 ላይም ይታያል። በሲ18 ኮለም ላይ ኤም1 ቀድሞ ይወጣል፤ ከዚያ ጂ2፣ ጂ1፣ ቢ2 እና ቢ1 በቅደም ተከተል ይከተላሉ። ስለዚህ ከ329 ወደ 273 እና ከ329 ወደ 259 የሚሄዱትን ለኤም1፣ ከ329 ወደ 243 እና ከ329 ወደ 311 የሚሄዱትን ለጂ1 ይስጡ፤ ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት ግን የእያንዳንዱን ስታንዳርድ ለብቻው ወግተው በሌላኛው ትራንዚሽን ላይ ምን ያህል እንደሚታይ ይመልከቱ። ሩጫውን ለማሳጠር ሲባል ግራዲየንቱ (በኮለሙ የሚፈሰው ፈሳሽ ቅልቅል በጊዜ የሚለወጥበት መንገድ) ተጨምቆ ሁለቱ ፒኮች ከተጠጋጉ፣ በኤም1 ስም የሚመዘግቡት የተወሰነው ክፍል የጂ1 ሊሆን ይችላል።

መለየት ከመለካት ይቀድማል፣ መለያው ደግሞ የሁለቱ ስባሪዎች ምጣኔ ነው። በአውሮፓ ኅብረት የፀረ-ተባይ ቅሪት ትንተና መመሪያ መሠረት የናሙናው ምጣኔ ከስታንዳርዱ በ30 በመቶ፣ የመውጫው ጊዜ ደግሞ በ0.1 ደቂቃ ብቻ ሊለይ ይችላል። ለምሳሌ በስታንዳርድዎ የ259 ፒክ የ273ቱን 0.40 ያህል ቢሆን፣ በወተቱ ውስጥ ከ0.28 እስከ 0.52 መካከል መገኘት አለበት። ብዙ ተማሪዎች የማያስተውሉት ነገር እዚህ አለ። ደካማው ስባሪ ከጠንካራው በፊት በጫጫታው ውስጥ ይሰወራል፤ ስለዚህ «አየሁት» ለማለት የሚያስችለው መጠን «እሱ ራሱ ነው» ለማለት ከሚያስችለው ያነሰ ነው። የዲቴክሽን ገደብዎን በጠንካራው ትራንዚሽን ብቻ አስልተው፣ በዚያው መጠን የተገኘውን ሁሉ እንደተረጋገጠ አድርገው ከጻፉ፣ መርማሪዎ የመጀመሪያውን ጥያቄ ከዚህ ቢጀምሩ አይፍረዱባቸው። የማረጋገጫ ገደብዎን ከደካማው ትራንዚሽን ያስሉት።

ሌላም አለ። ለኢንተርናል ስታንዳርድነት 17ቱም ካርቦኖቹ በካርቦን-13 የተተኩትን ቢ1 እና ኤም1 እንደሚጠቀሙ ገምቻለሁ፤ ካልተጠቀሙ በእርግጥ ይጠቀሙ። ከባዱ ቢ1 330 ይመዝናል፣ ተራዎቹ ኤም1 እና ጂ1 ደግሞ 329። የአንድ አሃድ ልዩነት ብቻ ነው። ምልክቱ ከፍ እንዲል ተብሎ የመጀመሪያው ኳድሩፖል በሰፊ ሬዞሉሽን ከተከፈተ፣ ለ330 የተከፈተው በር 329ንም ያስገባል። በዚህ ሁኔታ የሚያድንዎ በመውጫ ጊዜ መለየታቸው ብቻ ነው። ኳድሩፖሉን በ0.7 አሃድ ስፋት ላይ ይተዉት፤ ምልክት ካነሰዎ በሩን ከማስፋት ይልቅ ናሙናውን አፍላቶክሲንን በፀረ-እንግዳ አካል መርጦ በሚይዘው ኢሚዩኖአፊኒቲ ኮለም አጥርተው አተኩረው ይምጡ። ሶዲየምንም ይከታተሉ፤ አፍላቶክሲን ቢ1 ሶዲየም ሲይዝ 335 ላይ ይወጣል፣ እንዲህ ያለው አዮን ደግሞ በግጭት ክፍሉ ውስጥ ጠቃሚ ስባሪ አይሰጥም፣ ምልክትዎን ግን ይሻማል። በሞባይል ፌዙ (በኮለሙ በሚፈሰው ፈሳሽ) ላይ ትንሽ አሞኒየም ፎርሜት ማድረግ ፕሮቶን ወደያዘው ያደላዋል።

የወላጅ አዮን ቅኝትና የጠፊ ክፍል ቅኝት ለእርስዎ ሥራ እምብዛም አይጠቅሙም። አፍላቶክሲኖች ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚጥሉ የ28 ጠፊ ክፍልን በመቃኘት መላውን ቤተሰብ አገኛለሁ ብሎ ማሰብ ያጓጓል፤ ይሁን እንጂ በወተትና በኑግ ውስጥ 28 የሚጥለው ነገር ስፍር ቁጥር ስለሌለው የሚያገኙት ክሮማቶግራም ምንም አይነግርዎትም። እነዚህ ስልቶች የሚያበሩት ስባሪው ልዩ ሲሆን ነው፤ ለምሳሌ ግሉኩሮኒድ የያዙ ሜታቦላይቶች 176ን ይጥላሉ፣ ፎስፋቲዲልኮሊኖች ደግሞ 184 ላይ ይሰበራሉ። ይህ ሁለተኛው ግን በተዘዋዋሪ ይጠቅምዎታል። ወተት ፎስፎሊፒድ በብዛት አለው፤ ፎስፎሊፒድ ከእርስዎ ውህድ ጋር አብሮ ከወጣ ውህዱ ወደ አዮን በሚለወጥበት በኤሌክትሮስፕሬው ላይ ምልክቱን ያፍነዋል። ሜትዱን በሚያዘጋጁበት ጊዜ አንድ የወተት ናሙና በ184 የወላጅ አዮን ቅኝት ቢያስሮጡ ፎስፎሊፒዱ በየትኛው ደቂቃ እንደሚፈስ በዓይንዎ ያያሉ፤ ኤም1ን ከዚያ ሰፈር የሚያርቅ ግራዲየንትም ይመርጣሉ። የስባሪ አዮን ቅኝትም እንዲሁ የዝግጅት ሥራ ነው፤ ስታንዳርዱን እየለቀቁ የግጭት ኃይሉን ከ10 ወደ 60 ኤሌክትሮን ቮልት ከፍ በማድረግ የትኛው ስባሪ የት ላይ እንደሚበረታ ይመዘግቡበታል።

ወደ ኪው-ቶፉ እንለፍ። ዲዲኤ በሚባለው ስልት ማሽኑ መጀመሪያ ሁሉንም ወላጅ አዮኖች ያያል፣ ከዚያ ከመካከላቸው በጉልበት የሚበልጡትን፣ አምስት ወይም አሥር ሊሆኑ ይችላሉ፣ ተራ በተራ ይሰብራል፤ አንዴ የሰበረውን ለጥቂት ሰከንዶች ይተወዋል። የሚሰጠው ስፔክትረም ንጹሕና ከላይብረሪ ጋር ለማነጻጸር የተመቸ ነው። ችግሩ ምርጫው በጉልበት መሆኑ ላይ ነው። በኪሎ ወተት 0.05 ማይክሮግራም ያለ ኤም1 በፔፕታይድና በቅባት ተከቦ ሲመጣ ተራው ላይደርሰው ይችላል፤ በአንዱ ናሙና ተሰብሮ በሌላው ሳይሰበር ይቀራል፣ ይህ ግን በሁለተኛው ውስጥ የለም ማለት አይደለም። የሚፈለጉ ክብደቶችን በቅድሚያ ዝርዝር ማስገባት ይረዳል፣ ነገር ግን ዝርዝር ካስገቡ ወደ ኤምአርኤም አስተሳሰብ ተመልሰዋል። ደግሞም አንድን ፒክ አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ከሰበሩት ስባሪዎች መጠን ማስላት አይቻልም።

ባልደረባዎ ያደነቀው ዲአይኤ ይህን ምርጫ ያስቀራል። ክልሉን በመስኮት ይከፋፍልና በእያንዳንዱ መስኮት ያለውን ሁሉ ሳይመርጥ ይሰብራል። እ.ኤ.አ. በ2012 በፕሮቲዮሚክስ (የፕሮቲኖች ጥናት) ዘርፍ በይፋ የቀረበው ስዋዝ የተባለው የዲአይኤ ዓይነት የ25 አሃድ መስኮቶችን ተጠቅሟል፤ በዚያው ልክ ከ100 እስከ 600 ያለውን ብንከፍል 20 መስኮት ይሆናል፣ ለእያንዳንዱ 50 ሚሊሰከንድ ብንሰጥ አንድ ዙር አንድ ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ዋጋው ግን ይህ ነው፤ ከ325 እስከ 350 ባለው መስኮት ውስጥ ኤም1፣ ጂ1፣ ጂ2፣ ከባዱ ቢ1ና ከባዱ ኤም1 ከማትሪክሱ (ከናሙናው ሌላ ይዘት) ጋር ተቀላቅለው በአንድነት ይሰበራሉ። የትኛው ስባሪ የማን እንደሆነ የሚለየው ከመውጫው ጊዜና ከፒኩ ቅርጽ በመነሳት ሶፍትዌሩ ነው፤ የኤምአርኤም የመጀመሪያ ኳድሩፖል በር ላይ የሚያስቀረውን ሁሉ እዚህ በኋላ በስሌት ማራገፍ ግድ ይላል። በንጹሕ ስታንዳርድ ላይ ልዩነቱ ላይታይዎ ይችላል፣ በፋጉሎ ላይ ግን ይታያል።

ይህም ሆኖ ዲአይኤ ኤምአርኤም የማይሰጠው አንድ ጥቅም አለው። መዝገቡ ስለሚቀመጥ ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ሊጠይቁት ይችላሉ። ዛሬ በዝርዝርዎ የሌለው ስቴሪግማቶሲስቲን፣ ማለትም ሻጋታው አፍላቶክሲንን ሲሠራ የሚያልፍበት ውህድ፣ ነገ ቢያስፈልግዎ 325 ላይ ሊፈልጉት ይችላሉ፤ ኦክራቶክሲን ኤንም በ404 እንዲሁ። በኤምአርኤም ያልዘረዘሩትን ግን ማሽኑ አላየውም፤ ናሙናውን እንደገና ካላስሮጡ በቀር መልስ የለም። ስለዚህ በትሪፕል ኳዱ ቢ1 ከፍ ብሎ ከተገኘባቸው ፋጉሎዎች ጥቂቱን መርጠው፣ አንዱን ውጊያ በዲዲኤ ሌላውን በዲአይኤ ቢያስሮጡ የኪው-ቶፍ ቀናትዎ በደንብ ይውላሉ። ወተቱን ወደዚያ ባይወስዱት እመርጣለሁ፤ በዚያ መጠን ላይ የሚያተርፉት ትንሽ ነው።

አንድ የአገር ቤት ጉዳይ ልጨምር። መብራት ሄዶ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ዩፒኤሱ ካልያዘና ቫክዩሙ ከወደቀ፣ ሁለቱም ማሽኖች ለመመለስ ሰዓታት ይፈልጋሉ፤ ቶፉ ግን የበለጠ ስሱ ነው። የክፍሉ ሙቀት ሲለዋወጥ የበረራ ቱቦው ርዝመት ስለሚለዋወጥ ክብደቱ ይንሸራተታል፤ 329 ላይ 5 ፒፒኤም (ከሚሊዮን አምስት) ማለት 0.0016 አሃድ ብቻ ነው። የሐዋሳ ከሰዓት በኋላ ሙቀት ኤርኮንዲሽነር በሌለበት ክፍል ይህን ያህል ለማንሸራተት አይከብደውም። በሩጫው ሁሉ የማጣቀሻ ክብደት መኖሩን ያረጋግጡ። ኳድሩፖል በአንጻሩ ሰፋ ባለ በር ስለሚሠራ እንዲህ ያለውን ይችላል።

ስለ ቅደም ተከተል፦ ቢ1 በላሟ ጉበት ወደ ኤም1 ተለውጦ ወደ ወተት የሚሻገረው አብዛኛውን ጊዜ ከተበላው ጥቂት በመቶ ብቻ ስለሆነ፣ የፋጉሎውና የወተቱ መጠን እጅግ ይራራቃሉ። የአውሮፓ ኅብረት ገደብ ራሱ ለወተት ላሞች በተዘጋጀ መኖ ለቢ1 በኪሎ 5 ማይክሮግራም፣ በወተት ለኤም1 0.05 ነው፤ ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ ለወተት 0.5 ይፈቅዳል። ስለዚህ ወተቱን ሁሉ አስቀድመው ጨርሰው፣ ብላንክ (ውህዱ የሌለበት ባዶ ናሙና) ወግተው፣ ከዚያ በኋላ ወደ ፋጉሎው ይሂዱ፤ የፋጉሎውን ኤክስትራክትም በካሊብሬሽን መስመርዎ ውስጥ እንዲያርፍ ያቅጥኑት። ፋጉሎው ከመመዘኑ በፊት ከኬሻው የተለያዩ ቦታዎች ተወስዶ፣ ተፈጭቶ፣ በደንብ ተደባልቆ ካልሆነ ግን ማንኛውም ስልት አያድንም። ሻጋታ በአንድ እብጥ ላይ ይከማቻል፤ ያ እብጥ እጅዎ ውስጥ ከገባ ቁጥርዎ ሰማይ ይነካል፣ ካልገባ ባዶ ይሆናል። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ የሚፈልጉት ኤም1ን ብቻ ቢሆን ኖሮ በኢሚዩኖአፊኒቲ አጥርቶ በኤችፒኤልሲ ፍሎረሰንስ ማንበብ ይበቃ ነበር፤ ኤም1 በራሱ ያበራልና። የቢ1 እና የጂ1 ብርሃን በውሃማ ሞባይል ፌዝ ስለሚዳከም ተጨማሪ ኬሚካላዊ ወይም የብርሃን ሪአክሽን ስለሚያስፈልጋቸውና ሁለት ማትሪክስ ስላለዎት ነው ማስ ስፔክትሮሜትሪው የሚቀልልዎት።

«አልተገኘም» የሚለው የሚጻፈው ስለ ተፈለገ ነገር ብቻ ነው። በኤምአርኤም ይህን ለመጻፍ ሦስት ነገር ያሟሉ፤ ኢንተርናል ስታንዳርዱ በዚያው ናሙና ውስጥ በሚጠበቀው መጠን ተመልሷል፤ በዚያው ዕለት በማረጋገጫ ገደብዎ መጠን ኤም1 የተጨመረበት ንጹሕ ወተት ሁለቱንም ትራንዚሽኖች በትክክለኛው ምጣኔ አሳይቷል፤ በናሙናው ግን በዚያ ደቂቃ ፒክ የለም። እነዚህ ከተሟሉ ገደቡን በቁጥር አስከትለው «ከዚህ በታች» ብለው ይጻፉ። ኢንተርናል ስታንዳርዱ ራሱ ታፍኖ ከጠፋ ናሙናው «አልተገኘም» ሳይሆን «አልተለካም» ነው፤ እንደገና ይዘጋጅ። በዲዲኤ ስፔክትረም አለመገኘቱን ብቻ ይዘው «የለም» አይበሉ። በዲአይኤ ደግሞ መጠን የተጨመረበት ናሙና በተመሳሳይ መስኮት ምን እንዳሳየ ከሌለዎት ከጥርጣሬ አይለፉ። አማካይ በሚያሰሉበት ጊዜ ከገደብ በታች የሆኑት ናሙናዎች ብዙ ከሆኑ፣ ሁሉንም በገደቡ ግማሽ ከመተካት ይልቅ አንድ ጊዜ ዜሮ አንድ ጊዜ ገደቡን ራሱን ተክተው ሁለት አማካዮችን በጎንና በጎን ያስቀምጡ፤ ሁለቱ ከተራራቁ ውጤቱን የወሰነው ወተቱ ሳይሆን የእርስዎ ገደብ እንደሆነ አንባቢው ወዲያው ያያል።